ሐመልማል ቦሎ ልታሳድስ ስትሄድ

ሐመልማል ጳውሎስ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርታ ነው ጡረታ የወጣችው። ታካሚው ስሙን ተናግሮ ሳይጨርስ ካርዱ የትኛው መደርደሪያ፣ ስንተኛው ረድፍ ላይ እንዳለ የምታውቅ ሴት ነበረች። ኮምፒውተር ገብቶ መደርደሪያዎቹ ባዶ ከሆኑ በኋላ እንኳ አንዳንድ የድሮ ታካሚዎች በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው «ሐመልማል የለችም እንዴ?» ይሉ ነበር። እሷም ከውስጥ «አለሁ፤ ዘንድሮ ደግሞ ምን ሆኑ?» ብላ ትወጣለች።

መኪና መንዳት የተማረችው በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ፈልጋ አይደለም። ባለቤቷ ዓምሃ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ያሽከረከረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣም በኋላ ከመሪ አልተለየም፤ ከሱ በቀር ማንም ነድቷት የማያውቅ አንዲት ነጭ ዲኤክስ ነበረችው። አምና ጥር ላይ ግን አንድ ጠዋት ፊቱን እየታጠበ ሳለ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ዛሉ፤ ምላሱም ከበደ። ሐኪሞቹ በሳምንት ሁለት ቀን ፊዚዮቴራፒ እንዲመላለስ አዘዙ።

ቤታቸው ቀጨኔ፣ ከመድኃኔ ዓለም በታች፣ ከዋናው መንገድ ሽቅብ በሚወጣ የኮብልስቶን ዳገት ላይ ነው። በስልክ የተጠራ ታክሲ ሁሉ ከታች ይቆምና «ይቺንማ አልወጣትም፤ እዚሁ ኑልኝ» ይላል። ሐመልማል ባሏን ደግፋ ያንን ቁልቁለት ሁለት ወር ወረደችው፤ ሁለት ወር ወጣችው። በሦስተኛው ወር መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ሄዳ ተመዘገበች። በመጀመሪያው ፈተና ወደቀች፤ በሁለተኛው አለፈች።

ዲኤክሷን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስነሳች ቀን ዓምሃ ጎኗ ተቀምጦ ቀበቶውን በግራ እጁ እየታገለ አሰረና ዓይኑን ጨፈነ።

«ምነው? አመመህ?»

«ጸሎት» አለ።

ከዚያ ወዲህ በዚያች በተቆጠበች አንደበቱ አስተማሪዋ ሆነ። አንድ ቃል፣ ቢበዛ ሁለት። «ማርሽ።» «ቀስ።» «አሁን።» ማሠልጠኛው ያስተማራትን አንዳንድ ነገር ግን አስተዋት። ዳገት ላይ ቆመሽ ስትነሺ መጀመሪያ የእጅ ፍሬን ያዢ፣ ነዳጅ ስጪ፣ ከዚያ ልቀቂ ብለዋት ነበር። ዓምሃ ራሱን ነቀነቀ። «በዚህች... በእግር ነው» አለ። የሠላሳ አንድ ዓመት ሾፌር ማን ይከራከራል? በፍሪሲዮንና በፍሬን መሃል እግሯን እያጣደፈች ለመደችው። ቤት ደርሳ ስታቆምም መኪናዋን ማርሽ ውስጥ አስገብታ፣ የማታምንበትን የእጅ ፍሬን ለደንቡ ያህል ስባ፣ ወርዳ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ታደርጋለች። ድንጋይ ማድረጉ ለሷ አዲስ አይደለም። ዓምሃ ሲነዳም የሷ ሥራ ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባ የመኪናዋ ዓመታዊ ምርመራ ደረሰ። ቦሎ ማሳደስ ሁልጊዜ የዓምሃ ጉዳይ ነበር፤ ጠዋት ይወጣል፣ ለምሳ አዲሱን ወረቀት መስታወቱ ላይ ለጥፎ ይመለሳል። ዘንድሮ ሐመልማል ራሷ መኪናዋን አጠበች። ሊብሬውን፣ የኢንሹራንስ ወረቀቱን፣ መንጃ ፈቃዷን በአንድ ፕላስቲክ ማኅደር በቅደም ተከተል ደረደረች። የእሳት ማጥፊያውን አየች፤ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኑን ከፍታ ፋሻውን ቆጠረች።

«ልምጣ?» አለ ዓምሃ በሩ ላይ ቆሞ።

«ብርድ ነው። አንተ ቁጭ በል፤ እኔ ፈተና ለምጃለሁ።»

ዓምሃ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ቃሉ እስኪመጣለት ግን ሐመልማል ሞተሩን አስነስታ ነበር።

የምርመራ ጣቢያው ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ወጣ ብሎ ነው። ከሁለት ሰዓት በፊት ብትደርስም ሰልፉ ከግቢው ውጭ ድረስ ተዘርግቶ ነበር። ከፊቷ ገና የመቀመጫዋ ላስቲክ ያልተገፈፈ የኤሌክትሪክ መኪና ቆማለች፤ ስትንቀሳቀስ ድምፅ ስለሌላት ሐመልማል ሁለት ጊዜ ሰልፉ መሄዱን ሳታውቅ ቀርታ ከኋላ ክላክስ ተነፋባት። በሩ ላይ ኮፍያ ያደረገ ጎልማሳ መስኮቷን አንኳኳ።

«ማዘር፣ ልጨርስልዎት? እርስዎ ሻይ ይጠጡ፤ እኔ አሳልፌ አመጣታለሁ።»

«ሻይ ጠጥቼ ነው የመጣሁት» አለች። መስኮቱን መልሳ ዘጋችው።

ተራዋ ሲደርስ የተቀበለቻት ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ወጣት ባለሙያ ናት። ሻሿን በቱታው አንገትጌ ውስጥ ሰብስባ አስገብታዋለች፤ ደረቷ ላይ ያለው ካርድ «ቶይባ» ይላል። ሐመልማል የካርድ ሰው ናትና መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው።

«እንደምን አደሩ እናቴ። ፍሬቻ ያብሩ... ቀኝ... እሺ፣ ግራ። ፍሬን ይርገጡ።» ቶይባ ከኋላ ሆና እጇን አነሳች። «የግራው የፍሬን መብራት አይሠራም። ክላክስ።»

ሐመልማል ተጫነችው። ዝም አለ። እንደገና ስትጫነው ጉሮሮው እንደታመመ ሰው ሳል አለና ቆመ።

«ትልቁን መብራት ያብሩ።» ቶይባ ማሽኑን እየገፋች ከፊት ለፊት መጣች። «የግራው ሰማይ ሰማይ ነው የሚያየው። የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል። እሱንም ያስተካክሉታል።» እያንዳንዱን ስትናገር ትጽፋለች። ሐመልማል ትንሽ አፈረች፤ ሦስቱም ግን የአንድ ጠዋት ሥራ መሆናቸው ገብቷታል።

ከዚያ የፍሬን መመርመሪያው ላይ አወጧት። የኋላ ጎማዎቿ ከመሬት ጋር እኩል በተቀበሩ ሁለት ጥንድ ድብልብል ብረቶች ላይ ዐረፉ። ብረቶቹ መዞር ጀመሩ፤ ጎማዎቹም አብረው። የእግር ፍሬኑን ስትረግጥ መኪናዋ ተንጣ ቆመች።

«ጎበዝ። አሁን እግርዎን ያንሱና የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ።»

ሐመልማል ሳበች። ጎማዎቹ መዞራቸውን ቀጠሉ።

«ይሳቡት እናቴ።»

«ስቤዋለሁ።»

«እስከ መጨረሻው።»

«መጨረሻው ይሄው ነው ልጄ።»

ቶይባ ስክሪኑን አየች፤ ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ወርዳ በባትሪ ከሥር ተመለከተች። ወጥታ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለች።

«እናቴ፣ ይሄ የለም።»

«ምኑ?»

«የእጅ ፍሬኑ። ደካማ ነው አይባልም፤ የለም። ገመዱ ተበጥሷል።»

«አሁን ስስበው ይሆን?»

«አይ፣ የዛሬና የትናንት አይደለም። ጫፉ ዝጎ አልቋል። ብዙ ዓመት ሆኖታል።»

«አምና አልፋለች'ኮ!» አለች ሐመልማል። «በየዓመቱ ታልፋለች።»

ቶይባ ጥቂት አሰበች። «ማን ነበር የሚያመጣት?»

«ባለቤቴ።»

«የድሮ ሾፌር ናቸው?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት።»

ቶይባ ፈገግታዋን ልትይዘው ሞከረች። «እንግዲያው ያውቁበታል። 'የእጅ ፍሬን ይሳቡ' ሲባሉ አብረው በእግራቸው ቀስ አድርገው ይረግጣሉ። ጎማው ይቆማል፤ ማሽኑ በምን እንደቆመ አያውቅ። አሁን እኛም እግር እግር እያየን ነው የምንሠራው።» ወረቀቱን ቀደደችና ሰጠቻት። «አራት ነገር ነው። ሦስቱ ቀላል ናቸው። ፍሬኑን ግን ሳያሠሩ ዳገት ላይ እንዳያቆሟት፤ አደራ።»

ሐመልማል ወረቀቱን ማኅደሩ ውስጥ አስገብታ ወጣች። ከአዲሱ ገበያ እስከ ቀጨኔ ምን እንዳየች አታስታውስም። ቤቷ በር ላይ አቁማ፣ ወርዳ፣ ድንጋዩን ከጎማው ሥር ሸጉጣ ቀና ስትል ነው ነገሩ የገባት።

የዛሬ ስምንት ዓመት ነሐሴ ላይ ከለቅሶ ሲመለሱ ዶፍ ይጥል ነበር። ዓምሃ መኪናዋን በር ላይ አቆመ። ሐመልማል ነጠላዋን ራሷ ላይ ጥላ ወረደች፤ ድንጋዩን ከጎማው ሥር አስገባች፤ እንዲጠብቅ በእግሯ ረገጥ ረገጥ አደረገችው። ገብተው ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ከታች የቆርቆሮ ጩኸት ሰሙ። ዲኤክሷ ወደ ኋላ ተንሸራታ የታችኛዋን ጎረቤታቸውን የእትዬ ታየችን አጥር ጥሳ የጎመን መደባቸው ላይ ቆማለች። ሰው አልተጎዳም። ሰፈሩ ግን ጃንጥላውን ይዞ ወጣ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዓምሃ «የእጅ ፍሬን ይዣለሁ። ድንጋዩን ነው ደህና አድርጋ ያላስገባችው» አለ።

ሐመልማል አመነችው። እሷ ራሷ፣ ረግጦ ያጠበቀው እግሯ እያስታወሰ፣ አመነችው። አጥሩን አሠሩ፤ ለእትዬ ታየች አዲስ የጎመን ችግኝ ወሰደችላቸው። ነገሩ ግን ቀልድ ሆኖ ሰፈሩ ውስጥ ቀረ። የእድር ድንኳን ገመድ ሲላላ «ሐመልማል ናት እንዴ ያሰረችው?» ይባላል። ያልጠበቀ ነገር ሁሉ «የሐመልማል ድንጋይ» ነው። አብራ ትስቃለች። ካርድ ክፍል ውስጥ በሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድ ካርድ ጠፋባት ያልተባለች ሴት፣ ሰፈሯ ውስጥ ነገር አላልታ የምትተው ሆና ታወቀች። ዝናብ በጣለ ቁጥር ወጥታ ጎማውን ታያለች፤ ዓምሃም ከውስጥ «ተይው፣ ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል» ይላታል።

ዓምሃ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ለእጁ የሰጡትን የላስቲክ ኳስ ይጨምቃል። ሐመልማል ወረቀቱን አቀበለችው። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ፤ አራተኛው ላይ ሲደርስ መጭመቁን አቆመ።

«ገመዱ ተበጥሶ ዝጓል አለችኝ ልጅቷ። መቼ ነው የተበጠሰው?»

«ቆየ።»

«ምን ያህል?»

የግራ እጁን አምስት ጣቶች አሳያት፤ ጨበጣቸውና እንደገና አሳያት።

«ዐሥር ዓመት? የእትዬ ታየች አጥር የፈረሰ ጊዜስ?»

ኳሱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «አልነበረም» አለ። ከስትሮኩ ወዲህ እንደዚህ ጥርት ብሎ የወጣለት ቃል ጥቂት ነው።

«እኔ'ኮ ድንጋዩን ረግጬዋለሁ» አለች ሐመልማል። ለሱ ይሁን ለራሷ አይታወቅም።

«አፈርኩ... ሰው ፊት... ሾፌር ሆኜ...»

ሐመልማል ባሏ አንድ ቃል ፍለጋ ሲቃትት ሁልጊዜ ቆማ ትጠብቀዋለች። የቸኮለ ሰው ቃሉን ሊሞላለት ቢሞክር እንኳ «ተወው፣ ራሱ ይለዋል» ብላ ትከለክላለች። ያን ቀን ግን አልጠበቀችም። ወረቀቱን ከጭኑ ላይ አንስታ ገባች።

ሁለት ቀን የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ተነጋገሩ። ምግቡን አቀረበችለት፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ ሰጠችው፤ ፊዚዮቴራፒስቷ እንዳሳየቻት የቀኝ እጁን ጣቶች አንድ በአንድ እያጠፈች ዘረጋች። ዓይኑን ግን አላየችም። ዓምሃም ብዙ አልሞከረም።

በሦስተኛው ቀን መኪናዋን ይዛ ብቻዋን ሌሊሳ ጋ ሄደች። ሌሊሳ ከጳውሎስ ወደ ሩፋኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ ዲኤክሷን ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ያውቃታል። ወረቀቱን ሲያነብ ሳቀ።

«በስተመጨረሻ ተያዘች? እትዬ ሐመልማል፣ እኔ'ኮ ጋሽ ዓምሃን በየክረምቱ እነግራቸው ነበር። 'ይቺን ገመድ ልቀይራት' ስላቸው፣ 'ሾፌር የሆነ ሰው እግር ይበቃዋል' ይሉኛል።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አጥር የጣሰች ጊዜ መሰለኝ፣ መጥተው ገመዱን አዘዙኝ። አመጣሁላቸው። ከዚያ ቀሩ። ብጠይቃቸው 'አሁን ባሠራት ሰው ምን ይላል' አሉኝ። አልገባኝም ነበር።»

ለሐመልማል ግን ገባት። ያኔ ፍሬኑን ቢያሠራ፣ እንዳልነበረ ማመኑ ነው። አንዲት ውሸት ለመጠበቅ ስምንት ክረምት ያችን መኪና ዳገት ላይ በድንጋይ አስይዞ ተኝቷል፤ ወይም አልተኛም። እሷ ዝናብ ውስጥ ስትወጣ ከውስጥ የሚጠራት ድምፁ ትዝ አላት። እስከ ዛሬ ብርዱን ፈርቶላት ይመስላት ነበር።

ሌሊሳ አምፖሉን ቀየረ። የክላክሱን ሽቦ ፈትቶ ፍቆ መለሰው፤ ሲሞከር መንገድ የሚሻገሩ ተማሪዎች ዘለው ዞር እስኪሉ ጮኸ። መብራቱን ግድግዳ ላይ እያበራ ሰማይ የሚያየውን ዓይን ወደ መሬት መለሰው። ገመዱ ጊዜ ፈጀ። ከመኪናው ሥር ሆኖ ሲጨርስ «አሁን ይግቡና ይሳቡልኝ» አላት።

ሳበች። እጀታው ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ አለና በአራተኛው ላይ ጠንክሮ ያዘ።

«እዚህ ሜዳ ላይ ማንም ይይዛል» አለ ሌሊሳ እጁን እየታጠበ። «ዳገት ላይ እንሞክራት።»

ከጋራዡ ጀርባ ወደ ላይ የሚወጣ ቀጥ ያለ መንገድ አለ። ሐመልማል መሃሉ ላይ አቆመች። የእጅ ፍሬኑን ሳበች፤ ማርሹን ነፃ አደረገች። እግሯን ከፍሬኑ ላይ ማንሳት ግን አቃታት።

«ያንሱ እትዬ። ይዛለች።»

አነሳች። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። ሞተሩ ብቻ ይንሾካሾካል። ሐመልማል ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ተቀምጣ ቀረች። ከመኪናዋ ጎን የቆመው ሌሊሳ በመስኮቱ አያትና ወደ ሌላ ተመልክቶ ሲጋራ ለኮሰ።

ቤት ስትደርስ ዓምሃ ካፖርቱን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«የት ልትሄድ?»

«ታየች ጋ... ውሰጂኝ።»

እትዬ ታየች ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ እጃቸው ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሴት ናቸው። ቤታቸው ከነሐመልማል በር ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ዓምሃ ግን ከስትሮኩ ወዲህ ወርዶት አያውቅም። ሐመልማል ክንዱን ያዘች። ኮብልስቶኑ ላይ ከዘራውን እየተከለ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ ወረደ። እትዬ ታየች ደጃፋቸው ላይ ጥጥ እየፈተሉ ነበር፤ እንዝርቱን ጥለው ተነሡ።

«ምን ሆናችሁ? ደህና ናችሁ? ቁጭ በል፣ ቁጭ በል እንጂ!»

«ቆሜ» አለ ዓምሃ። ትንፋሹን ሰበሰበ። «አጥርሽን... ያኔ... ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ፍሬን... አልነበራትም። አውቅ ነበር። እሷ... ድንጋዩን... ደህና አድርጋው ነበር።»

ላቡ በብርዱ ግንባሩ ላይ ወጣ። እትዬ ታየች ወደሱ አላዩም፤ ያዩት ወደ ሐመልማል ነበር።

«ስምንት ዓመት ሙሉ ስቀልድብሽ!» አሉ። «በየድግሱ፣ በየለቅሶው!» ከዚያ ወደ ዓምሃ ዞሩ። «አንተ ሰው፣ ያን ቀን'ኮ ዝናቡ እስኪጠነክር ድረስ እዚያች መደብ ላይ ጎንበስ ብዬ ጎመን ስቀነጥብ ነበር። ለምን ለብቻዬ እንኳ አልነገርከኝም?»

ዓምሃ «ይቅር በይኝ» አለ።

«እኔ ይቅር ብያለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። የሷን ግን ከራሷ ጠይቅ፤ እኔ አልለምንልህም።»

«ለእድሩም... እናገራለሁ።»

«ተወው፣ ለእድሩ እኔ እነግርልሃለሁ። አንተ እስክትጨርስ ይመሻል።»

ሐመልማል ሳታስበው ሳቀች። ሳቋ ሲያመልጣት ዓምሃም በግማሽ ፊቱ ፈገግ አለ፤ ወዲያው ግን ሰበሰበው፤ ገና መሳቅ እንዳልተፈቀደለት ያውቃል።

ሲመለሱ ዳገቱ ከበደው። ግማሹ ላይ ቆመና ግድግዳ ተደገፈ።

«ሐመልማል።»

«ወዬ።»

«ይቅር...»

«ዛሬ አይደለም ዓምሃ» አለችው። ክፉ ድምፅ አልነበረም። «አሁን ዳገቱን እንጨርስ።»

ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱም ወደ ምርመራ ጣቢያው ሄዱ። ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ በሩ ላይ አያት፤ እጁን አንሥቶ ሰላም ብሏት ወደ ኋላዋ መኪና አለፈ። ቶይባ መብራቶቹን ዞራ አየች፤ ክላክሱ ሲጮህ ጆሮዋን ያዘች። የፍሬን መመርመሪያው ላይ ሲወጡ ብረቶቹ ጎማዎቹን ማዞር ጀመሩ።

«የእጅ ፍሬን።»

ሐመልማል ሁለት እግሯን ከፍ አድርጋ ሳበች። ጎማዎቹ ተንቀጥቅጠው ቀጥ አሉ። ቶይባ ስክሪኑን አይታ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ወደ ተሳፋሪው መስኮት መጣች።

«ሾፌሩ እርስዎ ነዎት አባቴ?»

«ነበርኩ» አለ ዓምሃ። አንድ ጣቱን ወደ ሐመልማል ቀሰረ። «አሁን... እሷ ናት።»

«እሳቸው ይሻላሉ» አለች ቶይባ። «እግራቸውን አይደብቁም።»

ዓምሃ ጎንበስ አለ። ጆሮው እስኪቀላ አፍሯል፤ ቢሆንም አልተቆጣም። «እውነትሽን ነው ልጄ» አላት፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳይቆረጥ ወጣለት።

ከቢሮው መስኮት አዲሱን ቦሎ ተቀብላ ስትመለስ ዓምሃ የአምናውን በጥፍሩ እየፋቀ አገኘችው። በግራ እጁ ነው፤ ወረቀቱ በቀጭን በቀጭኑ እየተላጠ ጭኑ ላይ ይወድቃል። ልታግዘው እጇን ሰደደችና መለሰች። ጠበቀችው። ከኋላ የቆመው ሚኒባስ ክላክስ አደረገ።

«ይጠብቅ» አለች ሐመልማል።

ጨርሶ ሲያበቃ አዲሱን ለጠፈችና ሞተሩን አስነሳች። ከግቢው ወጥተው አስፋልቱን ያዙ።

«ዓምሃ፣ የዚያን ነገር ይቅር ብዬሃለሁ» አለች፤ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። «የረሳሁት ግን እንዳይመስልህ። እኔ የካርድ ክፍል ሴት ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ከዛሬ ጀምሮ ስለዚህች መኪና የምታውቀውን ትነግረኛለህ። የተሰበረውንም፣ ሊሰበር ያለውንም።»

ዓምሃ አሰበ። ከሩፋኤል መታጠፊያ እስከ ጳውሎስ ድረስ በሁለት ቃል በሦስት ቃል ነገራት። ራዲያተሩ ከሥር ትንሽ ያንጠባጥባል። የኋላ ቀኝ በር ከውስጥ አይከፈትም። ሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ሳይሞቅ አይገባም። ስኮርታው ጎማ ተለጥፏል፤ ሩቅ መንገድ አይታመንም። ሐመልማል «እሺ፣ ሌላ?» እያለች ሰማችው። ጥቂቱን ታውቀው ነበር፤ አላቋረጠችውም።

ሆስፒታሉ ሲደርሱ ከቀጠሯቸው ሃያ ደቂቃ አልፏል። ፊዚዮቴራፒስቷ ሰዓቷን እያሳየች ተቆጣቻቸውና ዓምሃን በክንዱ ይዛ ገባች። ሐመልማል ከበሩ ማዶ ሁለት ሙዝ ገዝታ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። አንዱን በላች። ፀሐዩ በመስታወቱ ገብቶ ጉልበቷን ያሞቃታል፤ ተማሪዎች ነጭ ጋዋናቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው እየተሳሳቁ ያልፋሉ። መቀመጫዋን ትንሽ ወደ ኋላ አደረገች። ዓምሃ ጨርሶ ከዘራውን እየተከለ ሲመጣ፣ ሁለተኛውን ሙዝ እንደያዘች እንቅልፍ ወስዷት ነበር።